የመጀመሪያዋ ሹሩባ

የጎንደር ሰው ሐረገወይንን ያላላት ነገር የለም። አንዲት ነገር ግን የጠየቃት አልነበረም። ፀጉሯ ሲረግፍ «ጣሊያን ሊያሳምራት ብሎ ፈጃት» አሉ። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ስታልፍ «አፍራ ነው» አሉ። ነጠላዋን ከትከሻዋ ጥላ ስታልፍ ደግሞ «ዓይን አውጣ» አሉ። ለሐሜት ጊዜ የማያጣ አገር ለጥያቄ ጊዜ ያጣል። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ቀረብ ብሎ «ምን አገኘሽ?» ቢላት ምን ትመልስለት እንደነበር እሷም አታውቀውም። እውነቱን ብትናገር በሕይወት አታድርም። ቢሆንም ጥያቄው አምሯት ነበር። ሰው ውሃ እንደሚጠማው ጥያቄው ጠምቷት ነበር።

የሸማኔ ልጅ ናት። አባቷ አያ ዋኘው ከቀሃ ወንዝ ማዶ ባለች ጎጆው፣ እግሩን ከሽመና ጉድጓዱ ከትቶ የጎንደርን ባላባት ሲያለብስ የኖረ ሰው ነው። እሱ የሠራውን ኩታ አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙት ሰዎች፣ ጀርባውን ሲሰጣቸው «ቁጢት በጣሽ» እያሉ በሸማኔነቱ ይሰድቡታል። ኩታውን ግን አንዳቸውም አላወለቁትም።

አንድ ቀን ሰጠኝ የሚባል ጎልማሳ የእናቱን ኩታ ሊወስድ መጣ። ሐረገወይን ፀጉሯን ታጥባ፣ ፈትታ፣ በፀሐይ እያደረቀች ክር ታጠነጥን ነበር። ጀርባዋን ሞልቶ ከወገቧ የወረደ ፀጉር ነው። ሰጠኝ አየና ቆመ። የመጣበትን ረሳ፤ ኩታውንም ረስቶ ባዶ እጁን ሄደ። በማግስቱ ሊወስድ ተመለሰና ዳግመኛ ረስቶት ሄደ። አያ ዋኘው ድሩን እያቀና «ይህ ልጅ እናቱን በብርድ ሊጨርሳቸው ነው» ብሎ ሳቀ።

እናቱ እመት ወለተሩፋኤል ወገራ ላይ ርስት፣ ጎንደር ላይ ሰፊ ግቢ ያላቸው ሴት ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ አልሳቁም። «የእኔን ኩታ የሠራ እጅ የእኔን የልጅ ልጅ አያቅፍም» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የልጅቱ ስም በቤታቸው እንዳይነሳ ከለከሉ። አሽከር ቢያነሳው ይባረራል፤ ዘመድ ቢያነሳው ይኮረፋል። ይህ ክልከላቸው ኋላ ምን እንደሚያመጣባቸው ማን ነግሯቸው።

ጣሊያን ሲገባ ሰጠኝ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ወገራ ወጣ። ሊወጣ ሲል ከቀሃ ዳር አገኛት። እንደ ጓደኞቹ ሁሉ፣ ጠላት ከአገር ሳይወጣ ፀጉሩን መቀስ እንዳያገኘው መማሉን ነገራት። ጎፈሬውን የሚቆርጠው በነፃ አገር ነው፤ የቆረጠው ዕለትም በእናቱ ፊት ያገባታል። እሷም እስከዚያ እንደምትጠብቀው ነገረችው። ከዚያ በኋላ ተያዩ። ወሬው አጭር ነበር፤ መተያየቱ ግን ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቆየ።

*

ጣሊያኖቹ ፒያሳ ላይ ለመኮንኖቻቸው ሚስቶች የፀጉር ቤት ከፈቱ። ሐረገወይን እዚያ ጠራጊ ሆና ገባች። ሰዉ ያኔ ነው ስሟን ማንሳት የጀመረው። ለምን እንደገባች የሚያውቁት እሷና አክስቷ ይመኙሽ ብቻ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረንጆቹ ሴቶች ፀጉራቸውን ካስጠቀለሉ በኋላ የሚያገሳ የፀጉር ማድረቂያ ማኪና ራሳቸው ላይ ይደፋላቸዋል። በማኪናው ጩኸት ጆሯቸው ስለሚደፈን እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት እየጮሁ ነው። የአንዷ ባል ነገ ወዴት እንደሚዘምት፣ የማን ባል ጦር በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ሁሉን ለማዶ ገበያ የሚያውጁ ይመስል ይለፍፉታል። ጠራጊዋን ማን ሰው ብሎ ይቆጥራታል። ጠራጊዋ ግን መጥረጊያዋን ይዛ ጎንበስ ብላ ቋንቋቸውን በጆሮዋ ለቅማ ጨርሳለች። የሰማችውን ለይመኙሽ ትነግራለች። ይመኙሽ የሙሽራ ፀጉር ሠሪ ናት፤ የማትጠራበት ሠርግ የለም፤ ኬላ ጠባቂዎቹም ቅባቷንና ወስፌዋን ለምደው ያሳልፏታል። ወገራ ስትደርስ ወሬውን ለታማኝ ሰው ትሰጣለች። ከማን እንደመጣ ግን ለማንም አትናገርም። ያልተነገረ ስም በጅራፍ አይወጣም።

ታዲያ አንድ ቀን ለፀጉር ቤቱ ባለቤት፣ ለሲኞራዋ፣ ከአስመራ አዲስ የጠርሙስ መድኃኒት መጣላት። የፀጉርን ጠባይ የሚለውጥ ነው አሉ። በመኮንኖቹ ሚስቶች ላይ ከማፍሰሷ በፊት በሌላ ራስ ልትሞክረው ፈለገችና ሐረገወይንን ወንበሩ ላይ እንድትቀመጥ አዘዘቻት። ሐረገወይን ጠርሙሱን አየች። እምቢ ያለች ጠራጊ ትባረራለች፤ እሷ ከተባረረች ደግሞ ወገራ ላይ ያሉት ሰዎች ጆሯቸው ተቆረጠ ማለት ነው። ሹሩባዋን በገዛ እጇ ፈትታ ተቀመጠች።

መድኃኒቱ እንደ ከረመ የበቅሎ ሽንት አፍንጫ ይሰነፍጣል። መጀመሪያ በረዳት፤ ቀጥሎ በላት፤ ቀጥሎ ራሷ ቅሉ ድረስ ነደደ። ሲኞራዋ ከደጅ ከመጣች ወዳጇ ጋር ወሬ ይዛ ቆየች። ሐረገወይን የወንበሩን ክንድ ጨብጣ ጥርሷን ነከሰች። ጩኸቷን የሚሰማ ሰው በሌለበት ቤት ለምን ትጮሃለች? ሲታጠብ ፀጉሯ ከውሃው ጋር ወረደ። እፍኝ እፍኝ ሆኖ፣ እንደ ረጠበ ጭድ።

ሲኞራዋ ደንግጣ የራሷን ባርኔጣ አውልቃ ሰጠቻት። ሐረገወይን ባርኔጣውን ከወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። መጥረጊያዋን አነሳችና የገዛ ፀጉሯን ከወለሉ ጠርጋ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወጣች። ዓይኗ ደረቅ ነበር። እንባዋን ማን ፊት እንደምታፈሰው ገና አልወሰነችም።

*

ይመኙሽ የሐረገወይንን ራስ ስታይ አገጯን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረቻት። ከዚያ ምላሷ ተፈታ።

«ይህን ራስ ማን ነው እንደ በሬ ቆዳ የፋቀው?»

ጎረቤት ሴት ቅቤ ይዛ ስትገባ በእጇ መለሰቻት። «ምነው፣ ጥብስ ልትሠሪ ነው? በተቃጠለ ራስ ላይ ቅቤ አይደረግም። ቁስሉ ይድረቅ፤ የቅቤው ቀን ይመጣል።»

ሬት ቆርጣ ውስጡን እየላጠች በተላጠው ቆዳ ላይ አስቀመጠች። ተልባ አፍልታ፣ አጥልላ፣ አቀዝቅዛ በዚያ ሙልጭልጭ ውሃ ሳትፈትግ አጠበቻት። እንዶድ እንዳይነካት፣ ማበጠሪያ እንዳያያት፣ እሳት አጠገብ እንዳትቀመጥ፣ ከፀሐይም ጥላ እንድትፈልግ አስጠነቀቀቻት። የተረፈችዋን ጭራሮ መሳይ ፀጉርም በጣቷ ጎተት አድርጋ አየችና ጫፉ ሲበጠስ ራሷን ነቀነቀች። መላጨት እንዳለባት ነገረቻት። የተቃጠለ ፀጉር ካልተወገደ ስንጥቁ ሽቅብ እየወጣ ሕያዉንም ይገድለዋል።

ሐረገወይን ያን ጊዜ ተቆጣች። «ሴት የምትላጨው ለለቅሶ ነው። እኔ ማን ሞተብኝ?»

«ፀጉርሽ» አለች ይመኙሽ።

ሐረገወይን የቋጠረችውን ፀጉሯን ፈትታ አየችው። ሰጠኝ ኩታ የረሳለት ፀጉር ነው። ሌላ የምትሰጠው ውበት ያላት አልመሰላትም፤ ይህችን ያህል ሞኝነት እሷም አላጣችም። ቀጥላ አንገቷን ቀና አድርጋ ምላጩን ራሷ አቀበለቻት።

«ላጪኝ። ፀጉሬን ወስደዋል፤ ጆሮዬ ግን አለ።»

በማግስቱ ያን መላጣ ራስ ይዛ ወደ ሥራዋ ሄደች። ሲኞራዋ ዓይኗን መመለሻ አጣች። ሐረገወይን መጥረጊያዋን ይዛ ጎንበስ አለች። በዚያው ሳምንት፣ ከማኪናው ሥር የተቀመጠች አንዲት የመኮንን ሚስት፣ ባሏ ከዳባት በላይ ያለውን የሽፍቶች ዋሻ ሊከብብ እንደሚወጣ እየጮኸች ተናገረች። ይመኙሽ የዚያኑ ቀን ቅባቷን ቋጥራ ሙሽራ ልትሠራ ተነሳች።

ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ወሬውን አድርሳለች፤ ግን ከኋላዋ ተኩስ ሰምታለች። ሰጠኝና ጓደኞቹ አስቀድመው ይውጡ፣ አይውጡ አላወቀችም። ከዚያ በኋላ ከወገራ ወሬ ጠፋ። ሐረገወይን ሌሊት ሌሊት ራሷን ትዳስሳለች። ፀጉሯ እንደ ጤፍ ቡቃያ ብቅ ማለት ጀምሯል። እሱ ሲበቅል፣ ተስፋዋ ደግሞ ይመነምን ነበር።

*

እሑድ ጠዋት ቀሃ ኢየሱስ ልትሳለም ሄደች። ከቅጥሩ በር ጎንበስ ብላ ስትሳለም ነጠላዋ ከራሷ ተንሸራተተ። ቀና ስትል እመት ወለተሩፋኤል ፊት ለፊቷ ቆመዋል።

ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን የፀጉር ነገር እሳቸው አያውቁም። ስሟ በቤታቸው ከተከለከለ ማን ይንገራቸው? የዳባቱን ተኩስ ግን ሰምተዋል። የልጃቸው ወዳጅ የተላጨ ራስ ይዛ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ከቤተ ክርስቲያን በር ቆማለች። መርዶ ከእናት ይልቅ ለወዳጅ ሊቀድም እንደሚችል የማታውቅ እናት የለችም። እመት ወለተሩፋኤል አንድም ቃል አልጠየቁም። ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑና ጮኹ።

ሐረገወይን «አይደለም፣ እሜቴ፣ አይደለም» አለች። ማን ሰምቷት። ሲያሟት የከረሙት ሴቶች ሁሉ አንገታቸውን ሰበሩ፤ «ለካ ለእሱ ኖሯል የተላጨችው፣ ምስኪን» ተባባሉ። ትናንት በጣሊያን ያሟት አፍ፣ ምራቁን ሳይውጥ አለቀሰላት። እሷ የምትለውን የሚሰማ ጆሮ ዛሬም የለም። ውሸቱ ተለወጠ እንጂ እሷን የሚሰማ መጥፋቱ አልተለወጠም።

በግቢያቸው ድንኳን ተተከለ። ወገራ ያለው ዘመድ በየቀኑ እየጎረፈ ገባ። እመት ወለተሩፋኤል ሐረገወይንን ክንዷን ይዘው በሰው መካከል አሳልፈው ከጎናቸው አስቀመጧት። ከዚያ ቆመው ደረታቸውን እየመቱ ሙሾ አወረዱ፦

«ሚስቱን አላውቅ ብዬ ደጄን የዘጋሁት፣
ራሷን ተላጭታ መርዶውን አየሁት።»

ድንኳኑ በለቅሶ ተናወጠ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የሐረገወይን እንባ ግን አልመጣም። «ሚስቱን» ብለዋል። ይህን ቃል ለመስማት ስንት ጊዜ በዚህ ግቢ አጠገብ አልፋለች። አሁን ሲሰጣት የሙት ልብስ ሆኖ ተሰጣት። ተነስታ ከፊታቸው ቆመች።

«አልሞተም» አለች። «እኔ መርዶ አልሰማሁም። እሜቴ፣ በሞቱ ከሚያቅፉኝ በሕይወቱ ቢሰድቡኝ ይሻለኛል።»

ሐዘን አእምሮዋን እንደነካው ተነጋግረው ሁለት ሴቶች ክንዷን ይዘው አስቀመጧት። እመት ወለተሩፋኤል ግን የተናገረችውን ሰምተው ነበርና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ትክ ብለው አዩት። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም።

*

በሦስተኛው ቀን ሁለት ባንዶች መጥተው ከድንኳኑ በር ተቀመጡ። የሞተ ሽፍታ ለቅሶ ነው ሲባል እውነቱን ሊያጣሩ ተልከዋል። ጠላውን እየጠጡ ሰው ይቆጥራሉ።

ከወገራ የመጡ ለቀስተኞች ገቡ። ከኋላቸው አንድ ከሲታ ሰው ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ ገብቶ ከጥግ ተቀመጠ። ራሱ ተላጭቷል፤ መላጨቱ የቅርብ ስለሆነ ቆዳው ከፊቱ ይልቅ ነጥቷል። ሐረገወይን አየችው። እሱም አያት። ከዚያ ለቅሶ መሆኑን ረሳ፤ እንደ ሰው ፊቱን መሸፈን ረሳ፤ ከመካከላቸው ባንዳ መቀመጡን ረሳ። ያን ዓይን ታውቀዋለች። ኩታ የረሳ ዓይን ነው።

ደሟ ሁሉ ወደ ፊቷ ወጣ። ብትጮህ ገደለችው። ቀስ ብላ ዞረችና እንደምታጽናና ሆና እመት ወለተሩፋኤልን አቀፈቻቸው። ከንፈሯን ከጆሯቸው አስጠግታ፣ «ልጅዎ ከጥግ ተቀምጧል። ዞረው እንዳያዩት። ያልቅሱ» አለቻቸው።

የሴትዮዋ ገላ በእቅፏ ውስጥ ደረቀ። ከዚያ በዚያች አገር ከዚያ በፊት ያልተሰማ እሪታ ለቀቁ። ከደስታ የወጣ እሪታ መሆኑን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው። ባንዶቹ ራሳቸው ደንግጠው ተነሱ፤ እንዲህ የሚያስለቅስ ሬሳ በእርግጥም ሬሳ ነው ብለው፣ ጠላቸውን ጨልጠው ሄዱ። የእመት ወለተሩፋኤል እጅ እስከዚያ ድረስ የሐረገወይንን ቡቃያ ፀጉር ጨብጦ ነበር።

ሰዉ ለእህል ሲበተን ሦስቱ ከጓዳ ተገናኙ። እናት የልጃቸውን ፊት ዳስሰው፣ ጉልበቱን ስመው፣ ደክሟቸው ከመደቡ ላይ ተቀመጡ። ሰጠኝ ለሐረገወይን ተናገረ። ሰዎቹ ከዋሻው የወጡት ጣሊያን ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብለው ነው፤ ወሬ ደርሷቸው። እስካሁን የጠፋው ከሰሜን ገደል ሥር ተደብቆ ነው። ከዚያ አንድ ነጋዴ የእሱን ለቅሶ ነገረው፤ ሐረገወይን ለእሱ መላጨቷንም ነገረው።

«አንቺ ለእኔ ተላጭተሽ እኔ ጎፈሬ ላበጥር?» አላት። «መሐላዬን አፈረስሁት። ለቀስተኛ መስዬም የማልፈው በዚህ ብቻ ነበር።»

«ለአንተ አልተላጨሁም» አለችው። «እኔ አንተን ሙት አላልኩህም፤ አንድ ቀን እንኳ። መሐላህን ሳትጠይቅ ነው ያፈረስከው።»

ሰጠኝ እጁን ዘርግቶ፣ ጠባሳው ገና ቀይ ከሆነው ከጆሮዋ በላይ ሳይነካት አቆመው።

«ምን አገኘሽ?» አላት።

በዚያን ጊዜ እንባዋ መጣ። በወንበሩ ላይ ያልመጣ፣ በምላጩ ሥር ያልመጣ፣ በድንኳኑ ያልመጣ እንባ ሁሉ ባንድ ላይ መጣ። እያለቀሰችም ሁሉን ነገረችው፤ ጠርሙሱን፣ ማኪናውን፣ የሚጮኹትን ሴቶች፣ ይመኙሽን። ሰጠኝ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ያ ሁሉ ወሬ ያንቺ ነበር?»

«የጆሮዬ ነበር።»

ከእሱ ሌላ የሰማ ሰው ከመደቡ ላይ ተቀምጧል። እመት ወለተሩፋኤል ተነሱ፤ ሣጥናቸውን ከፍተው ያማረ የሐር ሻሽ አወጡ። ድምፃቸው ለስልሷል፤ ዓይናቸው ግን ወደ በሩ ነው፤ ሰው ይሰማ እንደሆን ያያሉ። ውለታዋን እግዜር እንደሚከፍላት፣ ይህን ሻሽ ራሷ ላይ እንድታስር፣ የቀረውን ነገር አገር ሲረጋ እንደሚነጋገሩበት ነገሯት። ልጃቸው ሞቶ ሳለ ሚስት ነበረችው፤ ሲነሳ የሸማኔ ልጅ ተመልሳ መጣች።

ሰጠኝ ሊናገር አፉን ከፈተ። ሐረገወይን በእጇ ከለከለችው። እንባዋን ጠርጋ፣ ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ፣ የጓዳው መስኮት ባስገባው ብርሃን ላይ ቆመች።

«ሻሹን ወደ ሣጥንዎ ይመልሱት፣ እሜቴ። እኔ የምደብቀው ራስ የለኝም። ሚስቱ ብለው ሲያወርዱ አገር ሰምቷል፤ የወጣን ቃል መልሰው አይውጡት። ይህ ፀጉር እስኪጠና ይመኙሽ በተልባና በቅቤ ትይዝልኛለች፤ አልቸኩልም። ጣት የሚይዘው ሲሆን ግን እመጣለሁ። ያን ቀን በርጩማዎን ከጓዳ ሳይሆን ከደጅዎ ያውጡ፤ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በሚያልፍበት። ራሴን ከጉልበትዎ ላይ ያስደግፉና የመጀመሪያዋን ሹሩባ በእጅዎ ይሥሩኝ። የሚያልፈው ሁሉ ይህች የማን ናት ብሎ ይጠይቅዎታል። እርስዎም፣ እኔ እየሰማሁ፣ ይመልሱለት።»